ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ኪስም አብሮ ይንቀጠቀጣል

አንድ ነጋዴ ወዳጅ አለኝ። በመርካቶ ለረጅም ዓመታት ጨርቃ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ፣ ጣቃውን በእጁ ዳስሶ ጥራቱን የሚናገር፣ በሚዛንም በሒሳብም የማይታለል ሰው ነው። ይህ ሰው ባለፈው ዓመት ባለ ሁለት ጋቢና ናፍጣ ፒክአፕ በደላላ በኩል ገዛ። መኪናው የታየው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ቀለሙ ያምራል፤ ወንበሩ ንጹሕ ነው፤ ጎማው አዲስ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ግን መሪው በእጅ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ወዳጄ ይህን ሳያስተውል አልቀረም፤ ጠየቀም። ደላላው ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ናፍጣ እኮ ነው! ናፍጣ ሲባል ትንሽ መንቀጥቀጡ የት ይቀራል?» አለው። ነገሩ እውነት ይመስላል። ውል ተፈረመ፤ ስም ተዛወረ፤ ኮሚሽን ተከፈለ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተሩን ሲያስነሳው መኪናው ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ሰጠና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፍርዱን ተናገረ፤ «ኖዝል ነው፤ አራቱም ይቀየሩ።» አራቱም ተቀየሩ። መንቀጥቀጡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ሌላ ጋራዥ ሲሄድ ኮምፕሬሽን ተለካ፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሞተሩ መከፈት ነበረበት። እንግዲህ ሰውየው ገንዘቡን የከፈለው ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለመኪናው፣ አንዴ ለኖዝሉ፣ አንዴ ደግሞ ለሞተሩ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐሳብ አጭር ነው። መንቀጥቀጥ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ምልክቱን በሽታ አድርጎ የሚገዛ፣ የሚሸጥና የሚጠግን ገበያ ሁሉንም ያከስራል። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዳሉት፣ ከመግዛትም ዕቃ ከመቀየርም በፊት ምርመራ ይቅደም፤ የምርመራውም ውጤት በወረቀት ሰፍሮ ከሊብሬው ጎን ይቅረብ።

ነገሩ ዛሬ ለምን ከበደ?

ድሮ ናፍጣ መኪና ሲያስቸግር «ሽጠህ ሌላ ግዛ» ይባል ነበር። ዛሬ ያ ምክር እንደ ቀድሞው አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በዶላር የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው ወደ ላይ ወጣ።

የነዚህ ሦስት እርምጃዎች ድምር ውጤት ለነጋዴ ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያለው ናፍጣ መኪና አሁን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ካፒታል ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ በቀላሉ አይተካም። መኪናው ሲዞር ደግሞ ሕመሙም አብሮ ይዞራል። አንዱ የደበቀውን ሌላው ይገዛል፤ የገዛውም መልሶ ይደብቃል። በዚህ ዓይነት ገበያ ደህናውም መኪና በታመመው ዋጋ ይተመናል፤ ገዢ ሁሉን ይጠረጥራልና።

ናፍጣ ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል?

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚለኩስለት ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በተግባር ያሳየው መላ፣ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ራሱ እንዲግልና የሚረጭበትን ናፍጣ እንዲያቃጥል ማድረግ ነው። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር በትክክል እንዲሠራ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ በቂ አየር፣ በቂ ጭምቅ፣ በሰዓቱና በልኩ የተረጨ ናፍጣ። ኖዝሉ፣ ወይም በአዲሱ አጠራር ኢንጀክተሩ፣ ኃላፊነቱ የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን መሪው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ያው ነው። ወዳጄን ያከሰረው ይኸው ነው፤ የኮምፕሬሽን ጉድለት የኖዝል ጉድለት መስሎ ታየ።

ሒሳቡን እንመልከት። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ቆሞ ሲሠራ፣ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት፣ በደቂቃ 750 ጊዜ ያህል ይዞራል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል በደቂቃ 375 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 6 ጊዜ ያህል ይመታል። አራቱ አንድ ላይ በሴኮንድ 25 ምት ይሰጣሉ፤ እጅ ይህን የሚሰማው እንደ ስስ ንዝረት ነው። አንዱ ሲሊንደር ሲሰንፍ ግን በሴኮንድ 6 ጊዜ የሚደጋገም ጉድጓድ ይፈጠራል። ይህ ንዝረት አይደለም፤ ማንከስ ነው። እጅዎን በኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። ምቱ እኩል ሆኖ ብቻ ቢወፍር አንድ ነገር ነው፤ በየተራው አንድ እግሩ እንደጎደለ ሰው ካነከሰ ግን አንድ ሲሊንደር ሥራውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ይህን ልዩነት ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?

ሐኪም በሽተኛውን «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ ለመኪናም የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» ነው።

በመንገድ ላይ በሰዓት 80 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ኖዝልን ይተዉት። መኪናውን አቁመው ሞተሩን በዚያው ልክ ያስጩኹት፤ ጸጥ ካለ ጥፋቱ ከሞተሩ ውጭ ነው። የጎማ ባላንስ፣ የታጠፈ ቸርኬ ወይም ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚወስደው ዘንግ ይሆናል።

ቆሞ ሲሠራ የሚንቀጠቀጥና ነዳጅ ትንሽ ሲረገጥ ወዲያው የሚለሰልስ፣ በተለይም ሲነሳና ሲጠፋ ዱብ ብሎ የሚናወጥ ከሆነ፣ ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎማዎች፣ መካኒኮች ማውንቲንግ የሚሏቸውን፣ አስቀድመው ይመልከቱ። ጎማው ሲደርቅ ወይም ሲበጠስ ጤነኛ ሞተር እንኳ በሽተኛ ይመስላል። በማንዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥ መንቀጥቀጡ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ዓይን ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ቮላኖው ይዙር።

ጠዋት በብርድ ብቻ አንክሶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚስተካከል ከሆነ፣ ተጠርጣሪዎቹ ማሞቂያ ካንዴላዎች፣ የደከመ ኮምፕሬሽን ወይም ሌሊቱን ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ናቸው። መኪናው ሞቆ ለገዢ የሚታይበት ምክንያት እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው። የሞቀ ሞተር ምስጢር ይጠብቃል፤ የቀዘቀዘ ሞተር ግን ይናገራል።

ሞቆም ቀዝቅዞም፣ ቆሞም ሲጎትትም የሚያነክስ ከሆነ ያኔ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

የምርመራ ሕጉ እንደ ንግድ ሕግ ነው፤ ትንሽ ወጪ የሚጠይቀው ይቀድማል። የመጀመሪያው ነዳጁ ራሱ ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ፈትቶ ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ ጠርሙስ መቅዳት ነው። ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። በጀሪካን የተገዛ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሌላው ጠላት ነው። ፓምፑም ኖዝሉም የሚለሰልሱት በናፍጣው ቅባት ነው፤ ነጭ ጋዝ ደግሞ ቅባቱ ስስ ነው። በሊትር ጥቂት ብር ያተረፈ የመሰለው ሾፌር የአለቃውን ፓምፕ እየፈጨ ነው።

ሁለተኛው ፊልትሮ ነው፤ የነዳጁም የአየሩም። ሦስተኛው አየር ነው። ከሳልባቲዮ እስከ ፓምፕ ባለው መስመር ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ አየር ግን ወደ ውስጥ ይስባል። ሌሊቱን መስመሩ ይራቆታል፤ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፤ ከተነሳም በኋላ ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይንገዳገዳል። ከፓምፑ በፊት አጭር የምታሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ቢገባ የአየር አረፋው በዓይን ይታያል።

አንድ የሚኒባስ ባለቤት አውቃለሁ። «ሞተር ይውረድ፤ ሙሉ እድሳት ያስፈልገዋል» ተብሎ ገንዘብ ሊበደር ደጅ ሲጠና ሰነበተ። አንድ ሽማግሌ መካኒክ የእጅ ፓምፑን ጨምቆ፣ «ይኼ ለምን አይጠጥርም?» አለ። ያረጀ የጎማ ቱቦ ነበር፤ ተቆርጦ ተቀየረ። መኪናው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መስመሩ ላይ ዋለ። የብድሩ ነገር በዚያው ቀረ።

ኖዝሉ የሚጠየቅበት ሰዓት

ነዳጁ፣ ፊልትሮው፣ መስመሩና ማውንቲንጉ ደህና ሆነው ሞተሩ አሁንም ካነከሰ፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ መለየት ይገባል። እዚህ ላይ በአሮጌውና በአዲሱ ቴክኖሎጂ መካከል ያለውን ልዩነት አለማወቅ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጣትም ያስቆርጣል።

በአሮጌዎቹ ሞተሮች፣ ሜካኒካል ፓምፕ ባላቸው ሚኒባሶችና ኢሱዙዎች፣ ኖዝሉ የሚከፈተው እንደ ዓይነቱ ከ100 እስከ 200 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ነው። መካኒኩ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቱቦ ማሰሪያ በየተራ በትንሹ ያላላል። ሲላላ ሞተሩ ከደከመ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሲላላ ምንም ለውጥ ከሌለ ሰነፉ እሱ ነው። ይህ የቆየና የተፈተነ ዘዴ ነው።

ኮመን ሬል በሚባሉት በአዲሶቹ ላይ ግን ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። ይህ ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ1997 በአውሮፓ አውቶሞቢሎች ላይ ለሽያጭ ቀርቦ ከዚያ ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በቀደሙት ከ1,300 ባር በላይ፣ በቅርቦቹ ደግሞ ከ2,000 ባር በላይ ይደርሳል። የመኪና ጎማ የሚነፋው በ2 ባር አካባቢ መሆኑን ያስቡ። ሞተሩ እየሠራ ያ ቱቦ ቢላላ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ታህል ስለምትታይ ሰው ይንቃታል፤ ነገር ግን በአስቸኳይ ሐኪም ቤት ካልተደረሰ እጅ ሊያሳጣ ይችላል። በልጅ እግር ረዳቶች የሚሠሩ ጋራዦች ይህን በግድግዳ ላይ ጽፈው ቢሰቅሉ የሚያስመሰግናቸው ነው።

ለኮመን ሬል ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው በኮምፒዩተር ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ሲሊንደር ከሌላው ጋር ለማስተካከል ለአንዱ ናፍጣ ይጨምራል፣ ለሌላው ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደጨመረና እንደቀነሰም በቁጥር ያሳያል። ሦስቱ ለዜሮ የቀረቡ ሆነው አንዱ ብቻ ከራቀ፣ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ «ሰነፉ ይህ ነው» ይላል እንጂ «ኖዝሉ ነው» አይልም፤ ኮምፕሬሽን የጎደለውም ሲሊንደር ያንኑ ቁጥር ያሳያል። ወዳጄን አንድ ጋራዥ በኮምፒዩተር አይቶለት ቢሆን እንኳ በዚሁ ቁጥር ብቻ ቢፈረድ ኖሮ ስህተቱ ያው ይሆን ነበር።

ሁለተኛው የመልስ ምርመራ ነው። ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ወደ ሳልባቲዮ የሚመለሰው ትርፍ ናፍጣ በአራት እኩል ጠርሙሶች እንዲጠራቀም ይደረጋል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ እጅግ ቀድሞ ከሞላ ያ ኢንጀክተር ውስጡ ተበልቷል። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ጥቂት ቱቦና አራት ጠርሙስ ነው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል፤ ገዢም ሻጭም ቆመው ያዩታል፤ ክርክር የለውም።

የመጨረሻው ኮምፕሬሽን መለካት ነው። በአዲስ አበባ ላይ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ አየሯም በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር እዚህ ላይገኝ ይችላል። በመጽሐፉ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር ያስከፍታል። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ከፍታው ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ5 ባር በላይ ከወረደ ግን ባልቦላ፣ ቴስታታ ወይም ፒስቶን ተጠያቂ ነው፤ ኖዝል ቢቀየር ምንም አይፈይድም።

ጭሱስ ምን ይላል?

ጭስ ምስክር ነው፤ ብቻውን ግን ዳኛ አይሆንም። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ለአየሩ ሲበዛ የሚመጣ ነው። የተዘጋ የአየር ፊልትሮ፣ የቀደደ የቱርቦ ቱቦ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ያመጣዋል። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ፓምፓቸው ለባሕር ዳርቻ አየር ተስተካክሎ ወደ አዲስ አበባ ዳገት ሲወጡ በጤናቸው እንኳ ይጠቁራሉ፤ አየሩ ቀንሶ ናፍጣው እንደ ድሮው ነውና። ይህን የሚያውቅ የፓምፕ ባለሙያ ናፍጣውን ይመጥናል። ነጭ ሆኖ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ በተለይ ጠዋት። ነጭ ሆኖ የማይቆም፣ የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድልበት ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ይመርመር። ሰማያዊው ዘይት ነው፤ ለገዢ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው።

የሶማሌ ተራ ሒሳብ

ኖዝሉ በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝስ? ያኔ ወደ ሶማሌ ተራ ይኬዳል። ገበያው ሦስት ዓይነት ዕቃ ያቀርባል፤ አዲስ የፋብሪካ፣ ታድሶ የመጣ እና የፋብሪካውን ካርቶን ለብሶ የመጣ አስመሳይ። የኮመን ሬል ኢንጀክተር ውስጥ ያለው ክፍተት የሚለካው በጥቂት ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ያስታውሱ። እንዲህ ያለ ዕቃ በዓይን አይገዛም፤ በመፈተሻ መሣሪያ ተፈትኖ ይገዛል። የአሮጌው ዓይነት ኖዝል በእጅ መፈተሻ ላይ ሲጨመቅ እንደ ጉም ስስ ሆኖ መርጨት አለበት። እንደ ሽንት የሚወርድ ወይም ከጫፉ ጠብ የሚል ከሆነ አዲስም ይባል አሮጌ አይገዛም።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። አንደኛ፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ኢንጀክተሮች በላያቸው የታተመ የራሳቸው የማስተካከያ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ በሞተሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ካልተመዘገበ አዲሱ ዕቃ ራሱ ያንቀጠቅጣል፤ ባለቤቱም «የተሸጠልኝ አስመሳይ ነው» ብሎ ነጋዴውን ያለ ኃጢአቱ ይከሳል። ሁለተኛ፣ ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ዋሸር ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለባት። ዋጋዋ ከሙሉው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም፤ አሮጌዋ ስትመለስ ግን የቃጠሎው ጋዝ ያመልጣል፤ ኢንጀክተሩም በጥቀርሻ ተጣብቆ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ደላሎቻችን ሆይ

አሁን ወደ ገበያችን እንመለስ። ደላሎች እንዲህ ይሉናል፤ «እኛ የምናገናኝ ነን እንጂ መካኒክ አይደለንም። ገዢው ዓይኑ እያየ፣ እጁ እየዳሰሰ ገዛ።» ይህ መልስ ግማሹ እውነት ነው። ደላላ ሞተር እንዲከፍት የሚጠይቀው የለም። ነገር ግን መኪናው ገዢ ከመምጣቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት እንዲሞቅ የሚያደርገው ማን ነው? የሞተር አለማወቅና ሞተር ማስመሰል ለየቅል ናቸው።

ሻጮችም የሚሉት አላቸው፤ «መርማሪ የተባለው መካኒክ ዋጋ ለማስቀነስ ገዢው ያመጣው ሰው ነው።» ይህም ይደርሳል። መፍትሔው ግን ምርመራውን መሸሽ አይደለም። ሁለቱም ወገን የተስማሙበት ሦስተኛ ጋራዥ ይመርምር፤ ክፍያውን እኩል ይካፈሉ። የቀዝቃዛ አነሳስ፣ የኮምፒዩተር ንባብ፣ የመልስ ምርመራና ኮምፕሬሽን በአንድ ወረቀት ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ጋራዡ ማኅተሙን ያኑርበት። አራት ቁጥር ለኮምፕሬሽን፣ አራት ቁጥር ለመልስ። ከዚህ በኋላ ድርድሩ በወሬ ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

ጋራዦችም ከዚህ የሚያገኙት አለ። ዛሬ ብዙ ጋራዥ ለምርመራ አያስከፍልም፤ የሚያተርፈው ዕቃ ሲቀየር ነው። ስለዚህ «ይቀየር» የሚለው ቃል አፉ ላይ ይቀርባል። በዚህ መካኒኩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ እኛም ለዕውቀቱ መክፈል ሳንፈልግ ለብረቱ እንከፍላለን። ለምርመራ ተገቢ ዋጋ የሚከፈለው መካኒክ «ይህ ኖዝል ደህና ነው፤ አትንኩት» ለማለት ይደፍራል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአራት ኢንጀክተር ዋጋ ትበልጣለች።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንጻሩም ገዢው የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል። እንግዲህ ሁለት ወር ነድቶ፣ ሁለት ጋራዥ አስነክቶ፣ አራት ኖዝል አስቀይሮ «ተታለልሁ» የሚል ገዢ ክርክሩ ምን ያህል እንደሚከብደው ማሰብ አያዳግትም። በምርመራ ወረቀት የታገዘ ውል ግን ለሻጭም ለገዢም ጋሻ ነው። ቦሎ ለመለጠፍ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የዚህ ምትክ አይደለም፤ እሱ የሚያተኩረው መኪናው ለመንገድ ደኅንነት ብቁ በመሆኑ ላይ ነው።

«ጊዜ የለኝም፤ ሌላ ገዢ ይነጥቀኛል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ገበያው ይቸኩላል። ሆኖም ቢያንስ አንድ ነገር ያለ ገንዘብ ይቻላል። ለደላላው፣ «ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እመጣለሁ፤ ሞተሩን እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሱት» ይበሉ። ሲደርሱ ከሁሉ በፊት እጅዎን በኮፈኑ ላይ ያኑሩ። ሞቆ ካገኙት ወሬ አያብዙ፤ መልሱን አግኝተዋልና ወደ ቤትዎ ይመለሱ።

ወዳጄ ፒክአፑን አልሸጠውም። ሞተሩን አሠርቶ፣ ሰሞኑን ወደ ክፍለ ሀገር ዕቃ እያመላለሰበት ነው። በቅርቡ አንድ ደላላ መጥቶ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶት ነበር። ወዳጄም ከመሳቢያው አንዲት ወረቀት አወጣ፤ የአራቱ ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን፣ የአራቱ ኢንጀክተሮች መልስ፣ ቀንና ማኅተም ያለባት። «ሊብሬውን ከማሳየቴ በፊት ይህችን አሳያለሁ» አለኝ። ደላላው ወረቀቷን ግራ ቀኝ እያገላበጠ ካየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለዎትማ ዋጋው ሌላ ነው» ብሎ ጨመረለት።

ገበያ እውነትን አይጠላም፤ የሚያቀርብለት ሰው ነው የጠፋው። ቸር ያሰማን።